ሁለት የሚያጠቡ ቀበሮዎች

ልጅ ሳለሁ፣ ጎባ ውስጥ፣ አባባ ቱፋ ከተራራው የሚወርዱበትን ቀን ከበዓል አስበልጬ እጠብቅ ነበር። በገበያ ዋዜማ፣ ብርዱ መጠንከር ሲጀምር፣ ማርና ገብስ የጫኑ ሦስት ፈረሶች በጓሯችን በር ይገባሉ፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ከፈረሶቹ ጋር እየተጨቃጨቁ ከኋላ ይመጣሉ። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበረ ለተራራው ሰው ማመልከቻ ይጽፋል፤ ለእሳቸውም አንድ ጊዜ ጽፎላቸው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ከተማ ሲወርዱ የሚያድሩት እኛ ጋጣ ውስጥ ነበር።

ያኔ በጋጣው መሐል፣ በሦስት ድንጋይ መካከል እሳት ይነድድ ነበር። እንጨቱ እርጥብ ስለሚሆን ከነበልባሉ ጭሱ ይብስ ነበር፤ እኔና ታናሽ እህቴ በአንድ ቡሉኮ ተጠቅልለን፣ ዓይናችን እያነባ፣ ጭሱ እስኪለቅና ፍሙ ቀልቶ እስኪታይ እንታገሣለን። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ የምታሳየው የፈረሶቹን አንገት ብቻ ነው፤ የቀረው ጨለማ ነበር። አባባ ቱፋ ቸኩለው አይጀምሩም። መጀመሪያ እጃቸውን ያሞቃሉ፣ ከዚያ አንዱን ፈረስ ይሰድባሉ፣ ወሬው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ስለ አገር ቤት ጭስ የሚያለቅሱ ሰዎችንም አልወድም። የምጽፈው ልጄ ሂሩት ስልኬን ማንሳት ካቆመች ሰባተኛ ሳምንቷ ስለሆነ ነው። ከእንግዲህ እናቴ ትለኝ እንደሆነ አላውቅም። ሌት ተቀን ሳስበው፣ ነገሩ የት እንደተበላሸ ወደ ኋላ ስፈልግ፣ እጄ የደረሰው እዚያ ጋጣ ነው።

አባባ ቱፋ የሚነግሩን ተረት ይሁን ዓይናቸው ያየው ነገር ለመለየት ያስቸግር ነበር። በሌላ ቤት የሚነገረው ቀበሮ ተንኮለኛ ነው፣ ዶሮ ያታልላል፣ በመጨረሻ ይደበደባል። የእሳቸው ቀይ ቀበሮ አይናገርም፣ አያታልልም። እግሩ ቀጭን፣ ጠጉሩ እንደ ሸክላ የቀላ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ ጅባራ በሚባለው የደጋ ተክል መሐል ቆሞ ፍልፈል ከጉድጓዷ ብቅ እስክትል ግማሽ ቀን የሚጠብቅ ፍጥረት ነው። «የፈረስ ቀበሮ» ይሉታል። የምትወልድ ባዝራ ካለች ከሩቅ ይከተላትና የእንግዴ ልጁ ሲወድቅ ያንን ይበላል እንጂ ውርንጭላውን አይነካም።

አባቴ ይህን ስም አይወድም ነበር። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት የእንስሳት መጽሐፍ ነበረው፤ ቋንቋውን እምብዛም ባያውቅም ሥዕሎቹን ግን በቃሉ ይዟቸዋል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የኛ ተራራ እንስሳ ከቀበሮ ወገን ተመድቦ ነበር።

«የፈረስ ቀበሮ የሚባል ነገር የለም፣ አቶ ቱፋ! ልጆቹን አያሳስቷቸው» ይላል ከበረንዳው።

እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀበሮው መጽሐፉን አላነበበማ» ሲሉን፣ ቡሉኮው ውስጥ ገብተን እንስቃለን።

ካደግሁ በኋላ እኔም ማንበብ የማልጠግብ ሰው ሆንኩና ያንን እንስሳ በየመጽሐፉ ተከታተልኩት። አንዱ ቀበሮ ይለዋል፣ ሌላው ጃካል ይለዋል፤ በኋላ ደግሞ ደሙን መርምረው የተኩላ ዘመድ ሆኖ አገኙትና አሁን በመጻሕፍቱ ተኩላ ነው። ወገኑን ሲቀያይሩለት እሱ እዚያው ፍልፈል እየጠበቀ ነበር።

ከወሬያቸው ሁሉ ደጋግመን እንዲነግሩን የምንለምናቸው ስለ ጉድጓዱ ያለውን ነበር። ቀበሮዎቹ በመንጋ ይኖራሉ፤ ከአለት ሥር አንዷ ትወልዳለች፣ ሁለት ያጠባሉ። ሌሎቹ ከአደን ሲመለሱ የዋጡትን እያወጡ ቡችሎቹን ያጎርሳሉ።

«አባባ፣ እናትየዋ የትኛዋ ናት?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«የወለደችው ናታ።»

«ቡችሎቹ ያውቃሉ?»

«ሂጂና ጠይቂያቸው። የነገሩሽን ለእኔም ንገሪኝ፤ እኔ እዚህ ዕድሜ ስደርስ ገና አልሰማሁም።»

እህቴ በሳቅ ከቡሉኮው ወደቀች። እኔ ግን አኮረፍኩ። ያኔም ቢሆን መልሱ በአንድ ቃል ካልተሰጠኝ የተናቅሁ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ይመስለኛል፣ ክረምቱ እንደወጣ አባባ ቱፋ መጥፎ ወሬ ይዘው ወረዱ። በላይኛው መንደር ከበረት የጠፋ አንድ ጥቁር ውሻ ከሴቷ ቀበሮ ጋር ሲሄድ ታይቷል፤ አሁን ወልዳለች። የመንደሩ ሰዎች ቀይ ቀበሮን አይነኩም፤ በግ አይደፍርባቸውም፣ ሰው ሲያይ ይሸሻል። ከውሻ የተወለደው ግን ሰው አይፈራም፣ በረት ይለምዳል ብለው ሰጉ። በዘር የተደባለቀውን ሁሉ፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ በአንድ ስም ነበር የሚጠሩት፤ ዲቃላ። ከወንድ ቀበሮም ጋር ስለነበረች ቡችሎቹ ቅልቅል ናቸው፤ ዲቃላዎቹ ይገደሉ፣ ቀበሮዎቹ ይቅሩ ተባለ። የሚለይ ሰው ሲፈለግ፣ መጽሐፍ ያለው ጸሐፊው ታሰበ።

አባቴ በመጠራቱ ደስ አለው። እህቴ ጉንፋን ይዟት ቀረች፤ እኔ አባባ ቱፋ ፈረስ ላይ ተፈናጥጬ አብሬ ወጣሁ። ስንደርስ አምስት ቡችሎች በጆንያ አምጥተው ሣሩ ላይ አፈሰሷቸው። አባቴ አለት ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ በክር አፍንጫቸውን ለካ፣ ጆሯቸውን አገላበጠ፣ ጅራታቸውን አየ። አምስቱም ጠቆር ያሉ፣ አምስቱም አፍንጫቸው አጭር፣ አምስቱም እኩል የሚያለቅሱ ነበሩ። ሥዕሉ ላይ ያለው ያደገ ቀበሮ ነው። የአባቴ ጆሮ ሲቀላ አየሁት። ሲጨንቀው ጆሮው እንደሚቀላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባባ ቱፋ «ጸሐፊ፣ ገና ጨቅላ ናቸው፤ ይደጉና ራሳቸው ይለያሉ» አሉት።

«አሁንም ይለያሉ» አለ አባቴ።

ሦስቱን በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ አደረገ። ከዚያም ብዕሩን አውጥቶ ሦስቱ ዲቃላ፣ ሁለቱ ቀበሮ መሆናቸውን በወረቀት ጻፈና ፈረመ። ሰዎቹ ሦስቱን በዱላ ገደሏቸው፤ ሁለቱን ወደ አለቱ መለሷቸው። ከማዶ ሁለት ሴት ቀበሮዎች ጎን ለጎን ቆመው ያዩን ነበር፤ የሁለቱም ጡት ከሆዳቸው ሥር ተንጠልጥሏል። የወለደችው የትኛዋ እንደሆነች ያን ቀንም አላወቅሁም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበር የሚጮኹት።

ጥቂት ወራት አለፉ። አባባ ቱፋ በሌላ ገበያ ዋዜማ ወርደው፣ እጃቸውን አሙቀው፣ ፈረሳቸውን ሰድበው ሲያበቁ፣ ከተረፉት ሁለት ቡችሎች አንዷ ጥርት ያለች ቀበሮ እንደሆነች፣ ሌላው ግን ደረቱ ሰፍቶ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ጣል ጣል ብሎበት፣ ጅራቱ እንደ ውሻ ወደ ላይ እንደተጠቀለለ ነገሩን። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«ታዲያ ገደሉት?» አልኩ።

«ማን ያስነካቸዋል! መንጋው መሐል ነው የሚውለው። ሲያጎርሱ እኩል ያጎርሱታል።»

«እነዚያ ሦስቱስ? እነሱስ ቀበሮ ነበሩ?»

«እሱን ማን ያውቃል፣ ልጄ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው።»

በረንዳው ላይ አባቴ ነበር። የሲጋራው እሳት ይታየኝ ነበር። መጽሐፉን ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ አላየሁትም። ቀላል ነገር ነበር ያቃተው፤ «አላውቅም» ማለት። ለብዙ ዓመት በልቤ እንደ ወንጀለኛ ቆጠርኩት። እኔ ግን ከእሱ ብብስ እንጂ አልሻልም።

እህቴ ሂሩትን ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ባሏ ወታደር ነበር፤ ከዘመተበት አልተመለሰም። እኔ በዚያው ወር የራሴን የአራት ወር ልጅ ቀብሬ ነበር፤ ጡቴ ገና አልደረቀም። ሂሩትን አንስቼ አጠባኋት፣ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜም አልነበረኝም። እኛ ዘንድ ስትወለድ እናቷ የሞተችባትን ልጅ «እናቷን የበላች» ይሏታል፤ እንዲህ ሲሏት እንድታድግ አልፈለግሁም። ቤተሰቡ ተማከረና ዝም ለማለት ተስማማን። የእህቴን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አወረድን። ስሟን ቤት ውስጥ መጥራት ቀረ። ዝምታችን ለልጅቷ ፍቅር ነው ብለን ነበር፣ ፍቅርም ነበር፤ ግን የሞተችውን ሁለተኛ ጊዜ እንደቀበርናት ያኔ አልታየኝም።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ሂሩት ሃያ አንድ ዓመቷን ስላለፈች በኔ ወረቀት መምጣት አልቻለችም። እዚሁ አጠገብ ቶራንስ በሚባል ከተማ ሽማግሌዎች ሳጥብና ሳበላ፣ ከዚያም ፓርኪንግ ቤት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ ዓመታቱ አለፉ። ዜግነት እንዳገኘሁ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ቢሮ ወዳለው ወደ ታደሰ ሄድኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ፎርም የሚያስሞላው እሱ ጋ ነው።

«እትዬ ዘነበች፣ የወለዷት ናት?»

«ልጄ ናት አልኩህ እኮ።»

«እሱማ ገባኝ። ፎርሙ የሚጠይቀው የወለዷት ይሁን ያሳደጓት ነው።»

«ጡቴን ጠብታ ያደገች ልጄ ናት። የወለድኳት ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ። ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ፣ የልደት ወረቀቷ ዘግይቶ የወጣ ስለሆነ የዲኤንኤ ምርመራ ተጠየቅን። ታደሰ ደብዳቤውን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ አይቆጡኝ። አክስቷ ከሆኑ፣ ሌላም ነገር ካለ፣ አሁን ይንገሩኝ። ያሳደግኳት ናት ብለን እናስተካክላለን። ቀላል ነው አልልም፣ ግን ሎየር እናናግራለን። ምርመራው ከወጣ በኋላ ግን ኦልረዲ ዋሽተዋል ነው የሚባለው።»

ደብዳቤውን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አብረን በኋላ በር ወጣን፤ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግራጫ፣ ረጅም እግር ያለው፣ ቀበሮ የሚመስል እንስሳ ከቆሻሻ ገንዳው ሥር ወጥቶ ቆመና አየን።

«ኮዮቲ ነው» አለ ታደሰ፣ «ድመት ይበላል እንጂ ሰው አይነካም። ኢግኖር ያድርጉት።»

«በምሥራቅ በኩል ከተኩላ ጋር ተዋልዷል። ውሻም አለበት» አልኩት። «ወደ ደቡብ ደግሞ ሊጠፋ የተቃረበ ቀይ ተኩላ አለ፤ ከዚህ ጋር ይደባለቃል ብለው ደሙን እየመረመሩ ይለዩታል።»

«እትዬ ይሙቱ፣ ለተኩላም ዲኤንኤ ያሠራሉ?»

«ያሠራሉ።»

«ሶ፣ ሲወድቅስ? ቪዛ ይከለክሉታል?» ብሎ ሳቀ።

«የተደባለቁትን ቡችሎች ሲያገኙ ገድለዋል።»

ሳቁን አቆመ። «ታዲያ ለምን ይሄን እያወቁ ይገቡበታል?» አለኝ።

ለምን እንደገባሁበት አሁን ልናገር። ምርመራው እናትንና አክስትን እንደሚለይ አነብቤያለሁ፤ ስንት የዘር ክሮች እንደሚመሳሰሉ፣ ስንቱ እንደሚለያይ በደንብ ገብቶኛል። ግን እኔና እህቴ በአንድ ቡሉኮ ነው ያደግነው። ደማችን አንድ ነው፣ ምናልባት ይበቃል አልኩ። ይህን ያለችው ያነበበችው ዘነበች አይደለችም፤ ሰው ቢሰማኝ የሚስቅብኝን ነገር ነው ለራሴ የነገርኩት። እውነቱን ለታደሰ ብነግረው ወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ ሂሩት ታነበዋለች። ዝም ብል ደግሞ ዕድል አለኝ። ስለዚህ ጥጡን ጉንጬ ውስጥ አሽቼ ሰጠሁ። እሷም አዲስ አበባ ሄዳ ሰጠች፤ የዚያን ዕለት ደውላ «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ጥርሴን ሊቆጥሩ መስሎኝ ነበር» ብላ አሳቀችኝ። በሳቋ መሐል ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም።

ውጤቱን የነገሯት በኤምባሲው መስኮት በኩል ነው፤ ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ። ባሏ እንደነገረኝ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ጨዋ ነበረች። አመልካቿ እናትሽ አይደለችም፣ የቅርብ ዘመድ ልትሆን ትችላለች አለቻት። ሂሩት አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ እኔን አያታችሁ ናት እያለች ያሳደገቻቸው። ማታውን አንድ መልእክት ላከችልኝ፦ «ወረቀቱ ያለው እውነት ነው?» እኔም «እውነት ነው፣ ልደውልና ላስረዳሽ» ብዬ ጻፍኩ። መልእክቱን እንዳየችው ስልኩ ያሳያል። ከዚያ ሰባት ሳምንት ሙሉ ምንም የለም።

በእነዚህ ሳምንታት ያላደረግሁት አልነበረም። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ለባሏ ደወልኩ፤ «ትንሽ ጊዜ ይስጧት» አለኝ፤ ሰባ አምስት ዓመት ላለፋት ሴት ጊዜ ስጪ ይላል። ታደሰ ይግባኝ እናስገባ ብሎ ጠራኝ፤ ወረቀቱን ወዲያ በለው አልኩት። ቪዛውን ረስቼዋለሁ። የወለዱ እናቶች በወረቀት እያስመሰከሩ በሚያልፉበት መንገድ እኔም እናት ነኝ የሚል ሌላ ወረቀት አምጥቼ ብለጥፍ ምን ይሠራልኛል? የፈለግሁት እሷ እናቴ እንድትለኝ ነው።

ትናንት ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አገር ቤት መምሻው ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። ከፊቱም ከኋላውም ምንም አልጨመረችም።

«ሂሩትዬ።»

«ምንም አታስረጂኝ። እንድታስረጂኝ አልደወልኩም። ማን እንደሆነች ነው የምጠይቅሽ።»

«እህቴ ናት።»

«እሱን ገምቻለሁ። ስሟን ነው የምልሽ።»

አርባ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ስም ስሸሽ፣ በስሙ የምትጠራ ሌላ ሴት ባገኝ እንኳ በአባቷ ስም ስጠራት ኖሬያለሁ።

«አስካለ» አልኳት።

ከኋላዋ ልጆቿ ስለ አንድ ኳስ ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል።

«ድገሚው።»

«አስካለ።»

«አስካለ» አለች እሷም፣ ቀስ ብላ፣ እንግዳ ምግብ እንደሚቀምስ ሰው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ዘግታው ይሁን ተቋርጦ አላወቅሁም። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሳችም።

ከዚያ ሁሉ ምሽት ምን ቀረልሽ ብባል፣ አባባ ቱፋ ከነገሩን ግማሹን እንኳ በደንብ አላስታውስም፤ ብዙውን ካነበብኩት ጋር ሳልደባልቀው አልቀርም። ለሂሩት ልነግራት የሚገባኝ ግን እሱን አይደለም። እህቴ ምን ትወድ ነበር፣ ማንን ትፈራ ነበር፣ ስታረግዝ ምን አማራት፣ ሲያማት ምን አለችኝ፤ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም። እኔም ስሸሸው ኖሬ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ፊቷ እንኳ ሳስበው ደብዝዞ ነው የሚመጣልኝ። ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ፣ ስሟን ጮክ ብዬ እየጠራሁ የማስታውሰውን አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ ሂሩት እንደገና ከደወለች ሳልንተባተብ እንድነግራት። ከጎን ያለችው ጎረቤቴ ከማን ጋር እንደማወራ ግራ ገብቷት ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኳች። አልከፈትኩላትም።